ከዕቃው በፊት ሰነዱ፣ ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ፦ ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚገቡ የየቲም ቤተሰቦች





የቤቱ አባወራ ሲሞት ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ በነበረበት አይቆይም። እናት ሥራ ፍለጋ፣ ወደ ወንድሟ ወይም ወደ እህቷ ለመጠጋት፣ የታመመ ልጅ ለማሳከም፣ አለዚያም ልጆቿን የተሻለ ትምህርት ቤት ለማስገባት ከቀዬዋ ተነስታ ወደ ከተማ ትገባለች። ሙሉ ለሆነ ቤተሰብ ከተማ መቀየር ድካም ነው። ለየቲም ቤተሰብ ግን ሁለተኛ ሐዘን ሊሆን ይችላል። አባቱን ያጣ ልጅ በቀድሞ ቀዬው የቀረው ትልቁ ሀብት የሚያውቁት ሰዎች ናቸውና። «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ አባቱ ያዋጣበት እድር፣ ቁርኣን ያስቀሩት ኡስታዝ፣ ሲታመም የምትጠይቀው ጎረቤት አብረው በመኪና አይጫኑም። በአዲሱ ከተማ እነዚህን እንደገና ማግኘት ያስፈልጋል፤ እስኪገኙ ባለው ጊዜ ውስጥ ልጁ ከትምህርት ቤት፣ ከሕክምናና ከድጋፍ መዝገብ ሳይታወቅ ይወጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስገነዝበው አንድ ነገር ነው። የየቲም ቤተሰብ ሲጓዝ ከዕቃው በፊት ሰነዱ፣ ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ ይቅደም። ይህን በወላይታ ሶዶ ከተማ ምሳሌነት እናብራራለን።

ለምን ወላይታ ሶዶ?

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ የብዙ መንገዶች መገናኛ ናት። በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፣ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ በደቡብ ወደ አርባ ምንጭ፣ በምዕራብ ወደ ዳውሮና ጅማ የሚወስዱት መንገዶች ከዚህች ከተማ ይነሳሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 76,050 ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከክልሉ ማእከላት አንዷ ሆነች። ከዚህ ሁሉ ጋር የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ሥራ ፈላጊው ወደ ከተማዋ ጎርፏል።

ከሚገቡት መካከል በአደጋ የተፈናቀሉም ይኖራሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው የሚዘነጋ አይደለም። እንዲህ ያለው መከራ በአንድ ቀን ብዙ ልጆችን የቲም ያደርጋል፤ የተረፉትንም ከቀዬአቸው ያስነሳል።

ሙስሊሞች በወላይታ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ የፕሮቴስታንትና የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ነው። ስለዚህ ከሙስሊም መንደር ለሚመጣ ቤተሰብ የአኗኗር ለውጡ ከቤትና ከገበያ ያለፈ ነው። ሐላል ሥጋው፣ የልጆች ቂርኣቱና የቀብር ሥርዓቱ ሳይቀር እንደ አዲስ መታሰብ አለበት።

የመዲና ትምህርት

በአዲስ ከተማ መስፈር ለኢስላም እንግዳ ነገር አይደለም። በ622 እ.ኤ.አ. ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና ባልደረቦቻቸው ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተከናውነዋል።

አንደኛው የወንድማማችነት ቃል ኪዳን ነው። እያንዳንዱ ስደተኛ ከአንድ የመዲና ነዋሪ ጋር ተጣመረ። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የተጣመሩት ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ነበር። ሰዕድ የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ ዐብዱራሕማን በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው ገበያው ወዴት እንደሆነ እንዲያሳዩዋቸው ብቻ ጠየቁ። ከዚያም በደረቅ አይብና በቅቤ ንግድ ጀምረው ራሳቸውን ቻሉ። ነዋሪው ለመስጠት አልሰሰተም፤ እንግዳውም በተሰጠው ላይ ተደላድሎ አልተቀመጠም።

ሁለተኛው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ግንባታ ነው። መስጊዱ የተሠራበት የተምር ማድረቂያ ቦታ ሰህልና ሱሀይል የተባሉ የሁለት የቲሞች ንብረት ነበር። ልጆቹ ቦታውን በስጦታ ሊሰጡ ቢፈልጉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዋጋ ካልሆነ አልቀበልም ብለው ገዝተውታል። ራሳቸው የቲም ሆነው ያደጉት መልእክተኛ በአዲሱ ከተማ ለመስጊድ እንኳ ቢሆን የየቲምን ንብረት ያለ ዋጋ አልወሰዱም።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የቤተሰቡን ከሰው ጋር መጣመርና የየቲሙን ሐቅ መጠበቅ፣ በሚከተሉት ምክሮች ሁሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ከመነሳት በፊት፦ ሰነዶች

ከቀዬ ከወጡ በኋላ አንድ ወረቀት ለማምጣት መመለስ የሳምንታት አስቤዛ ይበላል። ስለዚህ የሚከተሉት ከመነሳት በፊት ተሟልተው በላስቲክ ተጠቅልለው በእናት እጅ ይያዙ፤ ከዕቃ ጋር አይጫኑ።

1. ከቀድሞው ቀበሌ የሚሰጥ መሸኛ ደብዳቤ። የቤተሰቡ አባላት ስም ሁሉ መስፈሩን ያረጋግጡ። ያለ መሸኛ በአዲሱ ቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል።

2. የአባት የሞት ምስክር ወረቀትና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዝዛል። ጊዜው ቢያልፍም ዘግይቶ ማስመዝገብ ይቻላልና ተስፋ አይቁረጡ። ሟቹን የሚያውቁ ምስክሮች የሚገኙት በቀድሞው ቀዬ ስለሆነ ይህ ጉዳይ እዚያው ይለቅ።

3. የልጆች የትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ፤ ማኅተም ያለበት መሆኑ ይታይ።

4. የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ክትትል ያለው ልጅ ካለ ደግሞ ከጤና ተቋሙ የማስተላለፊያ ወረቀት።

5. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር። አባልነቱ በመኖሪያ ወረዳ የተመዘገበ ስለሆነ በአዲሱ ቦታ እንዴት እንደሚቀጥል ከሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች ይጠየቅ።

6. በድጋፍ ማኅበር የተመዘገበ ልጅ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩ።

ከሰነድ ቀጥሎ የሚመጣው የመሬትና የውርስ ጉዳይ ነው። ብዙ እናቶች በሐዘንና በችኮላ መካከል የሟችን ይዞታ ለዘመድ በቃል አስረክበው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ አድገው ሲመለሱ ግን የሚያስታውሳቸው አይገኝም። የገጠር መሬት መሸጥና መለወጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተከለከለ ስለሆነ «ሽጠን እንሂድ» የሚል ምክር አይቀበሉ። ይልቁንም የልጆች ወራሽነት በፍርድ ቤት ተረጋግጦ ደብተሩ ይስተካከል። መሬቱ ለእኩል ወይም በኪራይ የሚሰጥ ከሆነም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ የልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ መሆኑን የቤተሰብ ሕጉ ይደነግጋል፤ ስለዚህ እናት በልጆቿ ንብረት ጉዳይ ቀርባ የመናገር ሙሉ መብት አላት። በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደሚችሉም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይፈቅዳል። ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የየቲምን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ መብላትን ከታላላቅ ኃጢአቶች መቁጠሩን አጎቶችም አያቶችም ያስታውሱ።

ቤት ሲከራዩ

ሶዶ በተራራ ሥር እንደመገኘቷ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ከአባያ ዳርቻና ከሌሎች ቆላማ ቦታዎች ለሚመጡ ልጆች ከወንበርና ከአልጋ ይልቅ ብርድ ልብስ ይቅደምላቸው።

ቤት ሲመረጥ ኪራዩ ብቻ አይታይ። ከመስጊድና ከትምህርት ቤት በእግር የሚደረስ ቤት ጥቂት ቢወደድም በየቀኑ ለባጃጅ የሚወጣውን ገንዘብ ያስቀራል። ክትትል የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ቀድሞ ኦቶና ሆስፒታል ይባል የነበረው፣ ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ሆስፒታል ካለበት ከኦቶና አካባቢ ብዙ ባይርቅ ይመረጣል። ከመዋዋል በፊት እነዚህ ጥያቄዎች ይነሡ፦ ውኃ በየስንት ቀኑ ይመጣል? የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የግል? ሒሳቡስ እንዴት ይከፈላል? መጸዳጃ ቤቱን ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል? በሩ በሌሊት ይዘጋል? ባል የሌላት እናት ሴት ልጆቿን ይዛ በምትኖርበት ግቢ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ውሉ በጽሑፍና በምስክሮች ፊት ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ ወይም ፊርማ ይቀበሉ። ይህ ውል በቀበሌ ለመመዝገብም ይጠቅማል። ቤት ፍለጋውን ደላላ ብቻ አይምራው፤ ከመስጊዱ ጀማዓ አንድ የታመነ ሰው አብሮ ቢሄድ ብዙ ነገር ይቀልላል።

ትምህርት ቤት

ከተቻለ የቤተሰቡ ጉዞ ክረምት ላይ፣ ከመስከረም በፊት ይሁን። በተለይ 6ኛና 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚሰጥባቸው፣ 12ኛ ደግሞ ብሔራዊ ፈተና የሚሰጥበት ስለሆነ፣ በእነዚህ ክፍሎች ያለን ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ማንሳት የአንድ ዓመት ድካሙን ማስቃጠል ነው። የግድ ከሆነ ተፈታኙ ዓመቱን እስኪጨርስ በዘመድ ቤት የሚቆይበት መንገድ ይፈለግ፤ ለቀለቡም ለጋሾች ይተባበሩ።

በወላይታ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ታችኛ ክፍሎች የሚማሩት በወላይትኛ ነው፤ ቋንቋውም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ፊደል የቆጠረ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እዚህ ሲገባ ሰነፍ ሊመስል ይችላል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ቋንቋው ተቀይሮበት ነው። እናት ለመምህሩ ይህን አስቀድማ ትንገር። ትምህርት ቤቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር በምዝገባ ቀን ይጠየቅ፤ የከተማውን ቋንቋ የሚያውቅ የጀማዓው ወጣትም ለጥቂት ወራት ልጁን ቢያስጠና ትልቅ ሰደቃ ነው። እናቲቱም ብትሆን በወላይትኛ «ሳሮ» ብላ ሰላምታ መስጠት ከጀመረች በገበያውም በጉርብትናውም በር ይከፈትላታል።

የቂርኣት ትምህርት በመደበኛው ትምህርት ምክንያት፣ መደበኛውም በቂርኣት ምክንያት አይቋረጥ። ኡስታዙ ልጁ የትኛው ሱራ ላይ እንደደረሰ ጠይቆ ከዚያ ያስቀጥለው፤ ከ«አሊፍ» መልሶ ማስጀመር ልብ ይሰብራል።

ጤና

በመጀመሪያው ሳምንት ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ራስን ማስተዋወቅ፣ የክትባት ካርዱንም ማሳየት ይገባል። ከተማዋ ደጋማ ብትሆንም በዙሪያዋ ባሉ ቆላማ ወረዳዎች የወባ በሽታ አለ። ልጆች በዕረፍት ጊዜ ቆላ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሄደው ሲመለሱ ትኩሳት ከያዛቸው እናት ለሐኪሙ የሄዱበትን ቦታ ትንገር። የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ በጤና መድን የነጻ ተጠቃሚዎች መዝገብ ሊካተት ይችላል፤ ዝርዝሩ ከታች፣ ከቀበሌ ጀምሮ ስለሚዘጋጅ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው።

መስጊድ፣ ጎረቤትና እድር

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ አባቶቻችን። ቤተሰቡ በገባ በመጀመሪያው ጁሙዓ ለመስጊዱ ኢማም ወይም ኮሚቴ ይታወቅ። እናት ራሷ መሄድ ቢከብዳት ከሴቶች ጀማዓ አንዷ ትውሰዳት።

ቀጥሎ እድር ነው። መግቢያውና ወርኃዊ መዋጮው ለድሃ ቤተሰብ ሸክም ቢሆንም ችላ የሚባል አይደለም። እድር የሌለው ቤተሰብ ሞት ሲደርስበት በባዕድ ከተማ ብቻውን ይቆማል። የሙስሊሞች እድር ከሆነ የጀናዛው ሥርዓትም የቀብሩም ቦታ ይታሰባል። ማኅበራችን ለለጋሾች ደጋግሞ የሚያሳስበውም የእድር መግቢያ ክፍያ እንደ ምግብና እንደ ልብስ ከድጋፍ ዝርዝር እንዲገባ ነው።

የአመጋገቡ ጉዳይ ቀላል መፍትሔ አለው። የሙስሊም ሥጋ ቤት የት እንደሚገኝ ከጀማዓው ይጠየቅ፤ በበዓላትም ሙስሊም ቤተሰቦች ተሰባስበው ቅርጫ ሲገቡ የቲሞቹ ድርሻቸው አብሮ ይመደብ። ቆጮው፣ ቦዬው፣ ስኳር ድንቹና ቅቤው ግን የጋራ ናቸው። በመስከረም ወላይታዎች ዘመን መለወጫቸውን ጊፋታን ሲያከብሩ ጎረቤት ቢጠራችሁ የሐላልና የሐራሙን ወሰን ጠብቃችሁ በፈገግታ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት፣ ቡና አብሮ መጠጣትና የታመመን መጠየቅ የጉርብትና ሐቅ ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲዘገዩ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እርሱ ጎረቤታችሁ ነውና።

መተዳደሪያና ጥንቃቄ

የዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጥያቄ ለዛሬዋ እናትም ይሠራል፦ ገበያው ወዴት ነው? እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ፣ የጉሊት ንግድ፣ ቅቤና ቅመማ ቅመም መቸርቸር በትንሽ ካፒታል ይጀመራል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ገንዘብ በንግዱ ላይ ማፍሰስ አይመከርም። መጀመሪያ ገበያውን ማየት፣ ዋጋ ማጥናት፣ ከዚያም በጥቂቱ መጀመር ይሻላል። ቁጠባውን በታመነ እቁብ ወይም ከወለድ ነጻ በሆነ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይቻላል። የልጆች የውርስ ገንዘብ ካለ ግን በልጆቹ ስም በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከንግዱ ጋር አይቀላቀል።

በከባድ ቃል የምናሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። አዲስ ለገባች እናት «ልጅሽን አዲስ አበባ ወስደን እናስተምርልሻለን፤ ሥራም ይይዛል» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ከወላይታ ወደ ትላልቅ ከተሞች በዚህ መልኩ ተወስደው በሽመና፣ በሊስትሮና በቤት ሠራተኝነት የተንገላቱ ሕጻናት ታሪክ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ለሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ለመስጊዱ ኮሚቴና ለማኅበራችን ሳይነገር ልጅ ከቤት አይውጣ። ችግሩ ቀለብ ከሆነ ለቀለቡ መፍትሔ እንፈልግ፤ ልጁ የቀለብ ዋጋ አይሁን።

የልጁ ልብ

አባቱን ቀብሮ ቤቱን ጥሎ የመጣ ልጅ ዝም ሊል፣ ሊቆጣ ወይም ሌሊት ሊባንን ይችላል። ይህ ጥጋብ አይደለምና በዱላ አይታረምም። ወንድማማቾች በተለያየ ዘመድ ቤት አይበታተኑ። የአባት የሆነች አንዲት ዕቃ፣ ኮፍያም ትሁን መስገጃ፣ አብራ ትምጣ። ስለ አባታቸው ማውራት አይከልከሉ፤ ዱዓ እንዲያደርጉለትም ይልመዱ። የምግብና የመኝታ ሰዓት፣ ሰላትም በየቀኑ በወቅቱ ሲሆን ልጁ በማያውቀው ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

ለለጋሾቻችን

ውድ ለጋሾች፤ የምትደግፉት የቲም ከተማ ሲቀይር ድጋፋችሁ የሚቋረጥበት ምክንያት የለም። ይልቁንም ድጋፉ እጅግ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። በገጠር የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የነበረ ቤተሰብ ከወረዳው በመውጣቱ ስሙ ሊሰረዝ ይችላል፤ የአዲሱ ከተማ ድጋፍ ደግሞ ነዋሪነት እስኪረጋገጥ ይዘገያል። በዚህ መካከል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እጅግ አደገኞች ናቸው። ስለዚህ ከወርኃዊው ድጋፍ በተጨማሪ ለኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም፣ ለእድር መግቢያና ለብርድ ልብስ የሚሆን የአንድ ጊዜ የመስፈሪያ ድጋፍ ብታስቡ የቲሙን ከጎዳና ትጠብቁታላችሁ።

ገንዘብ የሌላችሁም ትሰጡት ዘንድ ብዙ አላችሁ። በሶዶ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች አንዳችሁ ከአንድ አዲስ ቤተሰብ ጋር ተጣመሩ፤ ወደ ቀበሌ አብራችሁ ሂዱ፤ ገበያውን አሳዩ፤ ልጁን በጁሙዓ እጁን ይዛችሁ ወደ መስጊድ ውሰዱ። የምትሰጡትንም ክብር ጠብቃችሁ ስጡ። የቲምን በጀማዓ ፊት አቁሞ ማስጨብጨብ፣ ፎቶግራፉን ማዞር ልጁን ያሳፍራል፤ በክፍል ጓደኞቹም ፊት ያሳንሰዋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደሚቀራረብ አመልካች ጣታቸውንና መካከለኛ ጣታቸውን አሳይተው ማስተማራቸው በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ይህን ቅርበት የሚመኝ ሁሉ በአካባቢው አዲስ የገባ የየቲም ቤተሰብ መኖሩን ዛሬውኑ ይጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) የቲሞቻችንን በደረሱበት ከተማ ሁሉ ደግ ጎረቤት ይስጣቸው፤ የእናቶቻቸውን ድካም ይቀበል፤ የለጋሾቻችንንም ሀብት ይባርክ። አሚን።